ከምሽግ ወደ ቡና ጫካ፦ የመስክ ጉዞ ሕክምና፣ የንግድ ሽርክና እና ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች ማገገም

የመስክ ጉዞ ሕክምና የአእምሮ ቁስልን ከሐኪም ክፍል ውጭ፣ በተራራ፣ በወንዝና በጫካ ውስጥ ለማከም የሚሞክር ዘዴ ነው። ጥቂት ሰዎች በቡድን ሆነው ለቀናት ይጓዛሉ፤ ዳገት ይወጣሉ፣ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ የሚበሉትን ራሳቸው ያበስላሉ። መንገዱን የሚያውቅ መሪና የአእምሮ ጤና ባለሙያ አብረዋቸው ይሄዳሉ። ቀን በጉዞው ላይ የታየው ነገር ሁሉ፣ የአንዱ ድንጋጤ፣ የሌላው ቁጣ፣ የሦስተኛው እጅ ዘርግቶ ጓደኛውን ማሻገር፣ ማታ እሳት ዳር ይወራበታል። ዘዴው ከተራ ሽርሽር የሚለየው በዚህ ነው፤ ጉዞው የታቀደው ሰውዬው ስለ ራሱ አንድ ነገር እንዲያስተውልና ያንን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዞ መሬት፣ መሣሪያ፣ የሠለጠነ መሪና ከጉዞው በኋላ የሚጠብቅ ሥራ ይፈልጋል። በሆስፒታል በጀት ብቻ ስለማይቆምም በብዙ አገሮች ከጀርባው የንግድ ድርጅቶች ይገኛሉ። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። አገሪቱ ከጦር ሜዳ ወደ ሰላማዊ ኑሮ የሚመለሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አሏት። እንደ ካፋ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ገበሬ፣ ነጋዴና መንግሥት ተዋውለው ያቆዩት ጫካ አላት።

ጦርነት በአእምሮ ላይ የሚተወው

ከጦርነት የተመለሰ ሰው አካሉ ደኅና ሆኖ ልቡ ግንባር ላይ ሊቀር ይችላል። በር በኃይል ሲዘጋ ይበረግጋል። ሌሊት በቅዠት እየተነሣ ላብ በላብ ሆኖ ይቀመጣል። ገበያ መሐል ጀርባውን ለሰው አይሰጥም። ስለሞቱ ጓዶቹ ወሬ ሲነሣ ጨዋታውን ትቶ ይወጣል። ቤተሰቡ ጠባዩ ተለወጠ፣ ሆደ ባሻ ሆነ፣ መጠጥ አበዛ ይላል። የሕክምናው ዓለም ይህን ሁኔታ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ብሎ ይጠራዋል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1980 ራሱን እንደቻለ ሕመም በምርመራ መመሪያው ውስጥ አስገብቶታል።

የሕመሙ መነሻ ሰውን በሕይወት የሚያቆየው የማንቂያ ሥርዓት ነው። አደጋ ሲመጣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጆሮ ይነቃል። ምሽግ ውስጥ ይህ ንቃት ነፍስ ያድናል። ሰውዬው ቤቱ ገብቶም ንቃቱ ሳይበርድ ሲቀር ግን እንቅልፍ፣ ትዳርና ሥራ ይበላሻሉ። ከፍርሃት የተለየ ሌላ ቁስልም አለ። ያየውን፣ ያደረገውን ወይም ማድረግ ሲገባው ያላደረገውን ለራሱ ይቅር ማለት ያቃተው ወታደር የኅሊና ቁስል ይዞ ይኖራል።

ለድኅረ አደጋ ጭንቀት ቀዳሚው ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ሲሆን፣ እንደ ሁኔታው መድኃኒት ይታከልበታል። ችግሩ ብዙ ወታደሮች ወደዚያ ክፍል አለመግባታቸው፣ የገቡትም አንዳንዶቹ አቋርጠው መውጣታቸው ነው። የወንድ ልጅ እንባ ወደ ውስጥ ነው እየተባለ ያደገና በሠራዊት ውስጥም ችሎ ማለፍን የተማረ ሰው፣ ከማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ ሆዱን መክፈት ይከብደዋል። ጉዞ ግን ለእሱ የለመደው ነገር ነው። ስንቅ መሸከም፣ በተራ መጠበቅ፣ ለጓድ መድረስ ያውቅበታል። የመስክ ጉዞ ሕክምና በዚህ በለመደው በር ይገባል።

ከመርከብ ድርጅት የተጀመረ ታሪክ

ዘዴው ገና ሲወለድ የንግድ ድርጅት አብሮት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታኒያ የንግድ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ይመቱ ነበር። መርከብ ሰምጦ ሰዎች በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ሲቀሩ፣ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ቀድመው ተስፋ እየቆረጡ እንደሚሞቱ፣ ችግር የለመዱት አንጋፋ መርከበኞች ግን እንደሚተርፉ ይነገር ነበር። ይህ ያሳሰበው የብሉ ፈነል መርከብ ድርጅት ባለቤት ሎውረንስ ሆልት፣ ከናዚ ጀርመን ተሰዶ ከመጣው መምህር ከርት ሃን ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ዌልስ ውስጥ አበርዶቪ በተባለ የባሕር ዳር ከተማ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ወጣቶቹ በባሕርና በተራራ ላይ እየተፈተኑ ጽናትንና መረዳዳትን ይማሩ ነበር።

ይኸው ተቋም አሜሪካ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ከቬትናም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የመስክ ጉዞ ያዘጋጅ ጀመር። ግለሰቦች ግን መንገዱን ቀድመው አግኝተውት ነበር። ኧርል ሻፈር የተባለ ወጣት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ፣ ጦርነቱን በእግሩ እየሄደ ከውስጡ ለማውጣት አስቦ እ.ኤ.አ. በ1948 ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላችያን ጎዳና ብቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዘ። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሾን ጎቢን የተባለ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ዘመቻ የተመለሰ የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን ያንኑ መንገድ ተከትሎ ሄደ፤ በኋላም ሌሎች ተመላሾች የሚጓዙበትን ዋሪየር ኤክስፔዲሽንስ የተባለ ድርጅት መሠረተ።

በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ድርሻው ይከፋፈላል። የመጫሚያና የድንኳን አምራቾች መሣሪያ ይሰጣሉ፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች ማደሪያና ምግብ ያቀርባሉ፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት መሪ ይመድባሉ። የአሜሪካ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ፣ የሕዝብ መሬቶችን ለተመላሽ ወታደሮች ማገገሚያ ለማዋል የሚመክር የመሥሪያ ቤቶች ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አድርጓል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ

ተፈጥሮ ለሕሙማን ይበጃል የሚለው አሳብ ጥንታዊ ነው፤ በጥናት መፈተሽ የጀመረው ግን በቅርቡ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት በፔንሲልቬንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጸረ። በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱትም ባነሰ መጠን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ 20 ሺህ ገደማ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውና ደስታቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

ወታደሮችን በሚመለከት የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለበርካታ ቀናት በቡድን ወደ ዱር የተጓዙ 98 ተመላሾችን ከጉዞው በፊትና በኋላ ጠይቀዋል። የአእምሮ ደኅንነታቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ተሻሽሎ ተገኝቷል፤ ከወር በኋላም መሻሻሉ በከፊል ቀጥሏል። ይሁንና ጥናቱ ወደ ጉዞው ያልሄዱ ሰዎችን ለማነጻጸሪያ አልያዘም። ስለዚህ ባለሙያዎች ጉዞውን የዋናው ሕክምና አጋዥ አድርገው እንጂ ምትኩ አድርገው አያዩትም። ጉዞ ሰውን ወደ ሕክምና በር ያቀርባል፤ በሩን አልፎ የሚቀጥለው ሥራ የባለሙያው ነው።

የኢትዮጵያ ተመላሾች

ኢትዮጵያ ወታደሮቿን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ስትመልስ የመጀመሪያዋ አይደለም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ የሠራዊቱ አባላት ተበተኑ፤ በዚያው ዓመት እነሱንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ከሞላ ጎደል ግማሾቹ ወደ ገጠር ገቡ፤ ድጋፉም በዋናነት መሬት፣ እህል፣ ዘርና የእርሻ ግብዓት ነበር። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ ድጋፍ ሌላ የማሰናበትና የማቋቋም ሥራ ተከናውኗል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የሰሜኑን ጦርነት ሲያቆም ተመሳሳይ ሥራ ዳግም መጣ። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን በልዩ ልዩ ክልሎች የሚገኙ 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ትጥቅ ፈትተው ወደ ማዕከል የሚገቡትን መቀበል ጀምሯል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ሌሊት የማይተኛ ሰው ሊኖር ይችላል። የመቋቋሚያ ገንዘብና የሙያ ሥልጠና አስፈላጊ ቢሆኑም፣ የሚበረግግ ልብ በእነሱ ብቻ አይረጋም።

የንግድ ድርጅቶች ዘማችን ማሰባቸው ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ዘምቶ ከ120 በላይ ልጆቹን ያጣው የቃኘው ሻለቃ ዛሬም ውለታው አልተረሳም። የደቡብ ኮሪያው ኩባንያ ኤልጂ ከአገሩ የልማት ትብብር ድርጅት ከኮይካ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ የሙያ ኮሌጅ ከፍቶ የዘማቾችን ልጆችና የልጅ ልጆች አስተምሯል። ቹንቾን በተባለችው የኮሪያ ከተማ፣ በቃኘው መታሰቢያ ሐውልት አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ አንድ የቡና ቤት አለ። ስሙ «ኢትዮጵያ ቤት» ነው፤ ስሙን ያወጡለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የዘማች መታሰቢያና የሐበሻ ቡና እዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ቆይተዋል።

ካፋ፦ በሽርክና የቆየ ጫካ

ያ ቡና ከየት እንደመጣ የሚጠየቅ ከሆነ መንገዱ ወደ ካፋ ይወስዳል። የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫም ናት። በዙሪያዋ ያለው ደጋማ ጫካ የዓረቢካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልበት ነው። ከላይ ቀረሮና ጌተም ተንሰራፍተው ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላሉ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. 760 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነውን ይህን አካባቢ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል።

ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ግን በመዝገብ ብቻ አይደለም። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 በቦንጋ ደን አሳታፊ የደን አስተዳደር የተባለውን አሠራር አስጀመረ። የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፤ የደኑ ድንበር ይለያል፤ ቡናውን፣ ማሩንና ቅመሙን የመሰብሰብ መብት ያገኛል፤ በምላሹ ደኑን ይጠብቃል። ቀጥሎም የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ተቋቋመ፤ በጀርመን ፍራይቡርግ የሚገኘው ኦሪጂናል ፉድ የተባለ ኩባንያ ደግሞ የጫካውን ቡና እየገዛ በአውሮፓ ሸጧል። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከአካባቢው ልጆች የደን ጠባቂዎችንና አስጎብኚዎችን አሠልጥኗል።

እዚህ ላይ ለርዕሰ ጉዳዩ የሚጠቅም አንድ ታሪክ አለ። በቦንጋ ከተሠሩት የደን ፕሮጀክቶች አንዱ የደን አስተዳደርን ከሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ጋር አጣምሮ ይሠራ ነበር። ደንና ጤና በአንድ እቅድ መሄድ እንደሚችሉ ካፋ ቀድማ ታውቃለች ማለት ነው። ዛፍን ያዳነው ውል የተጎዳ ሰውንም ለማዳን ሊሰፋ ይችላል።

በጫካው ውስጥ የሚደረግ

ለመስክ ጉዞ የሚሆኑ ቦታዎች ከቦንጋ ብዙ አይርቁም። የባርታ ፏፏቴ፣ ተፈጥሮ በአለት የሠራው የእግዚአብሔር ድልድይ፣ የዓለምጎኖ ረግረግ፣ የቡና እናት ዛፍ ይገኝበታል የሚባለው የማንኪራ ጫካ፣ ከፍ ሲልም የአዲዮ ቀርከሃማ ደጋ አሉ። ዝናቡ ለረጅም ወራት ስለሚቆይና ዳገቱ ስለሚያንሸራትት ለጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት በከፊል ከቡና ለቀማና ማድረቅ ጋር ይገጥማል፤ መግጠሙም ጥሩ ነው፤ ተጓዡ የሚሠራው ነገር ያገኛል።

ቡና የሚደርቅበትን አልጋ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቀዩ ፍሬ ከመሬት ከፍ ብሎ በተወጠረ ወንፊት ላይ በስሱ ይሰጣል። ሁለት ሰዎች በአልጋው ወዲህና ወዲያ ይቆማሉ። እጃቸው ፍሬውን ይገለብጣል፣ የተበላሸውን ይለቅማል፤ ዓይናቸው ወደ ታች ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ፍሬው ጠቁሮ ሲነቀነቅ ውስጡ ይንኳኳል፤ ያኔ ደረቀ ይባላል። በዚህ ሥራ ላይ ሰው ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ፣ ዝምታውም ሳያስጨንቀው ያወራል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በክፍል ውስጥ ለመፍጠር የሚደክምበት ሁኔታ ይህ ነው።

ማታ ወይም ጠዋት የሚፈላው ቡናም ሥርዓት አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ጨዋታው ቀስ በቀስ ይጠልቃል፤ ሳይመረቅም አይበተንም። የቡድን ሕክምና የሚፈልገው መክፈቻ፣ መሐልና መዝጊያ በአገሬው ልማድ ውስጥ አለ። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቡና እንቅልፍ የሚነሣና ልብ የሚያፈጥን በመሆኑ፣ ለሚበረግግና ለማይተኛ ሰው ሥርዓቱ ወደ ጠዋት ቢዞር ይሻላል።

ሽርክናው እንዴት ይቆማል

የአንድ ጊዜ ልገሳ ሽርክና አይባልም። ሽርክና ማን ምን እንደሚያዋጣና ምን እንደሚያገኝ የተጻፈበት ነው። በካፋ ቢሠራ የጤናውን ድርሻ በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልን የመሰሉ ተቋማት፣ በባለሙያ ሥልጠና ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊይዙ ይችላሉ። ማን ለጉዞ እንደሚበቃ የሚለየው፣ ከጉዞው በኋላም የሚከታተለው ይህ ወገን ነው። የአስጎብኚ ማኅበራት መንገድና መሪ፣ ሆቴሎች ማረፊያ፣ የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ደግሞ የጫካውን ፈቃድና እውቀት ያቀርባሉ። የቡና ዩኒየኑና እንደ ውሽውሽ ሻይ ልማት ያሉ ትልልቅ እርሻዎች ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሥራ። ቡና ገዢ ኩባንያዎችም ከሽያጭ ትንሽ ድርሻ በውል ቢመድቡ ጉዞው በየዓመቱ ይቀጥላል።

ነጋዴውም ይጠቀማል። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ማረፊያ እንግዳ ያገኛል፤ በሥነ ሥርዓት የታነጸ፣ ጠዋት የሚነሣ ሠራተኛ ያገኛል፤ ምርቱም እውነተኛ ታሪክ ይዞ ገበያ ይወጣል።

መጠንቀቅ የሚገባው

ጫካ ለሁሉም ሰው ሰላም አይደለም። በደን ውስጥ ደፈጣ የተጣለበት ሰው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሲያይ ሊደነግጥ ይችላል፤ የቀርከሃ ስንጠቃ ድምፅ፣ የከሰል ጭስ፣ የአዳኝ ተኩስ ትዝታውን ይቀሰቅሱበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ጉዞው ከሻይ ማሳ ወይም ከረግረጉ ዳር፣ ሩቅ ከሚታይበት ቦታ መጀመር አለበት። ራሱን የማጥፋት አሳብ ያለበት ወይም ሕመሙ የበረታ ሰው ቅድሚያ ሕክምና እንጂ ጉዞ አይታዘዝለትም። ካፋ የማር አገር መሆኗ ጠጅን ቅርብ ያደርገዋል፤ በጉዞው ላይ ግን መጠጥ ሊኖር አይገባም። እግሩን ያጣ ሰው እንዳይቀር መንገዱ በልኩ ይመረጣል።

የተመላሹ ስም፣ ፎቶና ታሪክ ያለ ፈቃዱ የኩባንያ ማስታወቂያ መሆን የለበትም። ፈቃድ ሲጠየቅም እምቢ ማለት ከጉዞው እንደማያስቀረው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በተቃራኒ ወገን ተሰልፈው የነበሩ ሰዎችን በአንድ ድንኳን ማሳደር የሚቻለው ባለሙያው በቂ ዝግጅት ካደረገና ሁሉም ከተስማሙ ብቻ ነው። የአካባቢው ሰውም አስተናጋጅ ብቻ ሳይሆን የጫካው ባለቤት ነው፤ የሚያከብራቸው ዛፎችና የጥብቅ ስፍራው ማዕከላዊ ክልል አይነኩም።

ጅምሩ ትልቅ መሆን የለበትም። አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ዩኒየን፣ አንድ የአስጎብኚዎች ማኅበርና ጥቂት ተመላሾች፣ ለአንድ በጋ፣ ከዚያም ለስድስት ወር ክትትል ቢስማሙ ይበቃል። ውጤቱ በሐቀኝነት ተመዝግቦ ከተገኘ ለሌላው ክልል ትምህርት ይሆናል። የካፋ ገበሬ፣ ነጋዴና ባለሥልጣን ለዛፍ ሲሉ አንድ ውል ላይ መፈረም እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ ለሰው ሲሉም ሊፈርሙ ይገባል።

በቤቱ ከጦርነት የተመለሰ ሰው ያለው አንባቢ ግን ፕሮጀክት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ያ ሰው የማይተኛ፣ የሚበረግግ፣ ከሰው የሚሸሽ ከሆነ ጠባዩ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዞት ይሂድ። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ዛፍ ባለበት መንገድ፣ ሳይጠይቅና ሳይመክር አብሮት ይራመድ።